የልብስ ሰፊዋ ደመወዝና የፍትሕ ጥያቄ

ሠራተኛ የተስማማበት ደመወዝ ሁሉ ፍትሐዊ ነውን? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ በኢትዮጵያ ተጨባጭ መልክ ይዟል። በፓርኩ የገቡት የውጭ ኩባንያዎች በብዛት ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ የሚልኩ ሲሆኑ፣ ከስፌት መኪናው ፊት የሚቀመጡት በአብዛኛው ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የጀማሪዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር።

ይህን ደመወዝ የሚደግፈው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሠራተኛዋን ያስገደዳት የለም፤ ከሰው ቤት ሥራ ወይም ያለ ሥራ ከመቀመጥ ይሻላል ብላ መርጣ መጥታለች። በራሷ ስም የምትቀበለው ገንዘብም በቤተሰቧ ዘንድ ተሰሚነትን ይጨምርላታል። ሆኖም መስማማቷ እንዳልተገደደች እንጂ ክፍያው ተገቢ መሆኑን አያሳይም። በድርቅ ዘመን በሬውን በጥቂት ቁና እህል የሚለውጥ ገበሬ ወዶ ነው የሚለውጠው፤ ልውውጡን ግን ፍትሐዊ የሚል አይገኝም። በያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍም ጸሐፊው ባለጠጎችን ስለ አጫጆቻቸው ደመወዝ የሚወቅሰው አጫጆቹ ተስማምተው ነበር ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ነው።

የአገር ጥቅም ሲሰላ የሚቆጠረው የውጭ ምንዛሪውና የተቀጠሩት ብዛት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ካልበቃ ግን ጉድለቱን የሚሞላው ከገጠር ቤተሰቧ የሚላክላት ቆጮና በቆሎ ይሆናል። ያን ጊዜ ባሕር ማዶ ያለው ሸማች ሸሚዙን በርካሽ እንዲያገኝ የሚደጉመው የወላይታ ገበሬ ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም የኩባንያ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዝቅተኛውን ደመወዝ ራሱ አልወሰነም፤ ለደመወዝ ቦርድ ተወው።

ባለሀብቱ ትርፍ የሚገባው አደጋን ስለሚሸከም ነው ይባላል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታግድ ግን የልብሱ ገዢ ኩባንያዎች ትእዛዛቸውን ወደ ሌላ አገር ማዞር ቻሉ፤ ብዙ ሴቶች ከሥራ ወጡ። በጦርነቱም ሆነ በእገዳው ላይ ቃል ያልነበራት ልብስ ሰፊ አደጋውን ተሸክማለች። እንግዲህ በባለሀብቱ በራሱ መከራከሪያ ቢሄድም፣ ከትርፉ ድርሻ ይገባት ነበር።