«መረጃ» ከማለታችን በፊት

 

ዛሬ በየቀኑ ስለምንጽፋት አንዲት ቃል እናውራ፦ «መረጃ»። «ሰበር መረጃ»፣ «መረጃውን ሼር አድርጉት» እንላለን። ቃሏ «ተረዳ» ከሚለው ግስ የወጣች ናት። ሰው አንድን ነገር የሚረዳበት ማለት ነው። ታዲያ እኛ ራሳችን ያልተረዳነውን ለሌላው ካስተላለፍን፣ ስሙ መረጃ ነው ወይስ ወሬ?

አላህ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ፋሲቅ ወሬ ይዞ ሲመጣብን እንድናጣራ አዞናል። ምክንያቱንም ነግሮናል፦ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት። እዚያ ላይ የመጣው ቃል «ነበእ» ነው። ኢማም አር-ራጊብ አል-አስፈሃኒ የቁርኣንን ቃላት ባብራሩበት ኪታባቸው፣ ነበእ ተራ ኸበር ሳይሆን ትልቅ ፋይዳ ያለው ኸበር መሆኑን ይገልጻሉ። ስለዚህ ወሬው በከበደ ቁጥር ማጣራቱም ይከብዳል ማለት ነው። እኛ ግን ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ ከባድ ወሬ ሲመጣ ጣታችን ይፈጥናል። «ፈተበየኑ» (አጣሩ) የሚለው ትእዛዝ በሌላ ቂራኣ «ፈተሰበቱ» (ተረጋጉ) ተብሎ ይነበባል። ሳይረጋጉ ማጣራት የለምና!

በሱረቱ ነምል ሁድሁድ ከሰበእ «እርግጠኛ ነበእ» ይዞ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ዘንድ መጣ። እሳቸው ግን «እርግጠኛ» ስላለ ብቻ አልተቀበሉትም፤ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን እናያለን አሉት።

እኔም በዚህ ተፈትኛለሁ። አንድ ምሽት በቴሌግራም ግሩፓችን የመኪና አደጋ ዜና ከሟቾች ስም ጋር መጣ። ሳላጣራ «ኢንና ሊላሂ» ብዬ ወደ ሌላ ግሩፕ ላክሁት። ከስሞቹ አንዱ የማውቀው ልጅ ነበር። ለካ ልጁ በሕይወት አለ፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው። እናቱ ግን መርዶ ተረድተው ሲያለቅሱ አደሩ። ጠዋት ልጃቸው በሩን ሲያንኳኳ ጉልበታቸው ከዳቸው። አውፍ ብለውኛል፤ የዚያችን ሌሊት እንባ ግን ልመልስላቸው አልችልም።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ይህ ብቻ ውሸታም ለመባል እንደሚበቃው አስተምረዋል። ሼር ማድረግም ማውራት ነው። ስለዚህ ከመላካችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ማረጋገጥ ካልቻልን ዝም እንበል። ከተሳሳትን ደግሞ በላክንበት ግሩፕ ውስጥ በግልጽ እናርም፤ በዝምታ መሰረዝ ብቻ አይበቃም።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። ኣሚን።