ከፊሉን ከፍሎ «ዕዳዬ አልቋል» ማለት ይቻላልን?

በባሕር ላይ የተተከለ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ራሱም ነዳጅ በላተኛ ነው። ፓምፑን የሚያዞረውና ጋዙን በቧንቧ የሚገፋው ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው እዚያው ጋዝ ከሚያነዱ ተርባይኖች ነው። ይህን ጭስ ለመቀነስ ቀድመው ከተነሱት አገሮች አንዷ ኖርዌይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕር ላይ በሚለቀቀው ካርቦን ላይ ግብር ጣለች። በ1996 በስላይፕነር መስክ ከጋዙ የተለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል ሥር ባለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ መቅበር ተጀመረ፤ ለብዙ ዓመታትም በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተቀብሯል። በ2019 ማምረት የጀመረው የዮሃን ስቨርድሩፕ መስክ ደግሞ ኤሌክትሪኩን በባሕር ሥር ገመድ ከየብስ ያገኛል።

ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ይሁንና አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከአንድ በርሜል ዘይት ከሚወጣው ካርቦን አብዛኛው የሚለቀቀው ዘይቱ ሲወጣ ሳይሆን ተሽጦ ሲነድ ነው። በተርባይኑ ይነድ የነበረው ጋዝም ሲተርፍ ለአውሮፓ ይሸጣል፤ እዚያም ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዱባይ ጉባኤ ላይ 50 ኩባንያዎች የፈረሙት ቻርተርም እስከ 2050 ዜሮ እናደርሰዋለን ያለው የገዛ ሥራቸውን ልቀት እንጂ የሸጡት ነዳጅ ሲነድ የሚወጣውን አይደለም። ለመሆኑ የሻጭ ተጠያቂነት ከመድረኩ ጫፍ ላይ ያበቃልን?

«ያነደደው ገዢው ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ማንም ገዢ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ነገር ግን ሻጩ ሸቀጡ የሚያደርሰውን ጉዳት ያውቃል፤ እያወቀም ያተርፍበታል። የሚያውቅና የሚያተርፍ ሰው ሸክሙን ሁሉ ለገዢው ጥሎ ሊሄድ አይገባውም።

በመሀል ደግሞ ሻጭም ገዢም ያልሆነ ሰው አለ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር መንጋው አለቀበት። ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች በ2023 እንዳስታወቁት፣ ሰው ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ በአፍሪካ ቀንድ ያን መሰሉ ድርቅ የመከሰቱን ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ ጨምሮታል። ያ አርብቶ አደር ከትርፉ አንዲት ሳንቲም አልደረሰችውም።

እኔ ነገሩን በዕዳ እመስለዋለሁ። መቶ ብር ተበድሮ አሥር የመለሰ ሰው ይመስገን፤ አሥሩም ይቆጠርለት። ዘጠናውን ይዞ «ዕዳዬ አልቋል» ካለ ግን አሥሩ ራሱ ማታለያ ሆነ ማለት ነው። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለሐቁ እጅ ካልገባ ወይም እርሱ ወዶ ካልተወው በቀር ከጫንቃ አይወርድም።

ስለዚህ መድረኩን ማጽዳቱ ይቀጥል፤ ስሙ ግን «የመጀመሪያ ክፍያ» ይባል። ቀሪው ክፍያ የሚወጣውን ነዳጅ ራሱን ከዓመት ዓመት መቀነስና ከትርፉ ለተጎዳው ማካፈል ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ የዕዳው መዝገብ አልተዘጋም።