የማን ልጅ ነው?

«ልጄ፣ ይሄ ተጫዋች የማን ልጅ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን ስታዲየም አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ። ከየትኛው ክለብ እንደመጣ ነገርኳቸው። «እሱንማ ሰማሁ፤ የማን ልጅ ነው ያልኩህ!» አሉ። ዝም አልኩ። ከማሊያው ቁጥር በቀር ስለ ልጁ የማውቀው አልነበረኝም።

አርባምንጭ ከተማ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። በ2014 ተመልሶ በ2015 ደግሞ ወረደ፤ በ2017 እንደገና ተመለሰ። እንዲህ ወጣ ገባ ያለ ክለብ ደጋፊ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «የደረሰ ተጫዋች ይገዛ!» ይላል፤ ሌላው «የራሳችን ልጆች ይሰለፉ!»። እኔ ከሁለቱም ጋር እጮሃለሁ። ቅራኔው እንግዲህ በውስጤ ነው።

ፕሉታርክ እንደጻፈው የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ይተኩ ነበር። ፈላስፎችም «ያው መርከብ ነው? ሌላ ነው?» ብለው ተከራከሩ። ለመሆኑ ሳንቃው ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢለወጥ ኖሮ ክርክር ይነሳ ነበር? አይመስለኝም። መርከቡን ያው ያስባለው አሮጌው ሳንቃ ከአዲሱ ጋር ጥቂት ዘመን አብሮ መቆየቱ ነው። በአንድ ክረምት አሥር ተጫዋች አስፈርሞ አሥር የሚሸኝ ክለብ ግን ከስሙ ሌላ ምን ይቀረዋል?

ታዲያ በር ይዘጋ? የስፔኑ አትሌቲክ ቢልባኦ ከመቶ ዓመት በላይ የባስክ ልጆችን ብቻ አሰልፎ ከአንደኛው ሊግ ወርዶ አያውቅም። ያጓጓል። ይሁንና «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ያስፈራኛል። አባቴ ከዶርዜ ተነስቶ ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሠራ ነው ያስተማረኝ። እዚያ «የአገሩ ልጅ ብቻ» ቢባል ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ የቡራዩ ግድያ ወሬ አርባምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሳ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። በከተማችን የሚኖረውን ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ አዳኑት። የእነዚህ አባቶች ልጅ ነኝ እያልኩ ስታዲየም ገብቼ በመጤው ላይ ልጩህ?

የሸማኔ ልጅ ነኝና መልሱን ከአባቴ ጉድጓድ ፈለግሁት። ሸማኔ አስቀድሞ ድሩን ይወጥራል፤ ማጉ ቀጥሎ ይገባል። ማጉ ከየትም ገበያ ይገዛ፣ ቀለሙም ምንም ይሁን፣ ድር ካለ ጨርቅ ይሆናል። ድር ከሌለ ግን የተገዛው ማግ ሁሉ ክምር ክር ነው። ከሕፃንነት የተኮተኮቱ ልጆች ድር ናቸው፤ መጤው ማግ ነው። እኔ የምጠራጠረው በማጉ አይደለም፤ ድሩ ሳይወጠር ገበያ በመሮጣችን ነው።

«ድሩን ስንወጥር ብንወርድስ?» ትሉኛላችሁ። ልንወርድ እንችላለን፤ ያንገበግበኛል እኮ! ግን ገዝተንም እንወርዳለን። በልጆቻችን ብንወርድ ለመነሻ የሚሆን ነገር በእጃችን ይቀራል፤ በተገዙት ብንወርድ የሚቀረን ያለቀ ውል ነው።

ለሽማግሌው መልስ አለብኝ። ዳግም ቢጠይቁኝ «የእኛ ነው፣ አባባ» ልላቸው እወዳለሁ። ለዚህ ግን ክለቡ ልጁን ማቆየት፣ ልጁም መቆየት አለበት። እኔም ቢያንስ ስሙን ልወቅ።