ስለ ጾምና ስለ በቆሎ ወተት

በአሜሪካን አገር በሚኖሩ የተዋሕዶ ምእመናን ቤት በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። የአገሩ ሰዎች የምስጋና ቀን ብለው የሚያከብሩት በዓል፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. ካወጀው፣ ኋላም በ1941 በሕግ ከጸና ወዲህ፣ የሚውለው በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ ነውና፣ ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ቀን ይገባልና፣ በአብዛኞቹ ዓመታት ግብዣው ከጾሙ መባቻ ጋር ይጋጠማል። በዚያ ማዕድ ከተርኪው አጠገብ ከሚቀርቡት መብሎች አንዱ በቅቤና በክሬም የተሠራ እሸት በቆሎ ሲሆን፣ ጾመኛው ቤተ ሰብ ይህንኑ ያለ ጥሉላት ሊሠራው ይወዳል። ጥያቄውም እንዲህ ነው፤ ቅቤ ሳይነካው ቅቤ ቅቤ የሚል መብል የበላ ሰው፣ ጾመ ይባላልን?

ለመፍረድ አስቀድሞ ሥራውን ማየት ይገባል። የእሸቱ ፍሬ አናት አናቱ በስለታም ቢላዋ እየተቆረጠ ወደ ሳሕን ይወርዳል፤ ከዚያም ቢላዋው ተገልብጦ በደንደሱ ቆረቆንዳው ከላይ ወደ ታች ሲፋቅ፣ በየጉድጓዱ የቀረው ነጭ ፈሳሽ እየተፈናጠቀ ጣትንም ገበታንም ያለብሳል። ይህ ሁሉ በዘይት በበሰለ ሽንኩርት ላይ ተጨምሮ በለዘበ እሳት ሲማሰል፣ በመጀመሪያ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲቃረብ ግን በውስጡ ያለው ስታርች ውሃውን እየጠጣ ያብጣልና፣ ማማሰያው በእጅ ላይ ይከብዳል፣ መብሉም ማንም ምንም ሳይጨምርበት ይወፍርና ይለሰልሳል። በጣሳ የሚሸጠውም ቢሆን፣ ክሬም ተብሎ ይጠራ እንጂ በአብዛኛው ወተት የሌለበት፣ በስታርችና በስኳር የተሠራ ነው፤ ነጋዴው ሳያውቀው ጾመኛ ሆኗል።

አጥብቀው የሚቃወሙት ወገኖች የሚሉት ከንቱ አይደለም። ጾም ጥሉላትን ከመተው አልፎ ፈቃደ ሥጋን መግታት ነውና፣ ምላስ የለመደችውን ተድላ በጓሮ በር ካስገባንላት ሕጉን በፊደሉ ጠብቀን በምሥጢሩ አፈረስነው ይላሉ፤ ነቢዩ ዳንኤል በሦስቱ ሱባዔ ኀዘኑ የተወው ሥጋንና ወይንን ብቻ ሳይሆን የጣፈጠውን እንጀራ ጭምር መሆኑንም ያስታውሳሉ። ከአተር ተጠፍጥፎ፣ ደም እንዲመስል በቀይ ሥር ጭማቂ ቀልቶ በገበያ ስለሚሸጠው ሥጋ መሳይ የሚሉት ይህን ከሆነ፣ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ እጅ ለመምሰል የሚደክመው ልብ ያልተወው ነገር ሲኖር ነውና።

በበቆሎው ላይ ግን ፍርዳቸው የሚጸና አይመስለኝም። በቆሎ በሜክሲኮ ምድር በሰው እጅ መለመድ ከጀመረ 9 ሺህ ዓመት ያህል ሲሆነው፣ ላም ወደዚያ ዓለም የገባችው ኮሎምበስ በ1493 በሁለተኛው ጉዞው ካመጣት በኋላ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሕዝቦች የላምን ወተት ሳያውቁ፣ ቅቤ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ፣ እሸቱን እየፈጩ ልስላሴውን ለብዙ ሺህ ዘመን በልተውታል። ልስላሴው የቅቤ ምሳሌ አይደለም፤ አማናዊው የዘሩ ባሕርይ ነው፤ በዚያች ምድር እንዲያውም ታናሿ ቅቤ ናት። ፈጣሪ በዘሩ ውስጥ ያኖረውን ጣዕም በቅቤ ስም መክሰስ፣ ማርንና ተምርንም ለፍርድ መጥራት ይሆናል።

ይልቅስ ሊመረመር የሚገባው ሰዓቱና ልኩ ነው። ያ ግብዣ በብዙ ቤት የሚቀርበው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ጾመኛ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሊቀመጥ ይችላል፤ ጧት በድስቱ ዙሪያ እየቀመሰ የዋለ፣ ወይም በማዕዱ ሦስት ጊዜ የሚያስጨምር ሰው ግን፣ ያለ ቅቤ መሠራቱ ምን ይረባዋል?

የበለጠ የሚያስቸግረው፣ ደግ ጎረቤት ቅቤ የገባበትን በቆሎ በእጇ ይዛ በር ስታንኳኳ ነው። ጾመኛው አይበላውም፤ ጾሙን ግን በእርሷ ላይ መስበክም አይገባውም፤ በምስጋና ተቀብሎ ለማይጾሙት እንግዶች ያቅርበው፤ ስትሄድም ከራሱ ድስት ጨልፎ ይስጣት፤ እርሷ ከእርሱ በቆሎ ለመብላት የሚከለክላት ሕግ የለምና።