አጥንቱ ገጥሞ ሕመሙ ሲቀር

ወላይታ ሶዶ የመንገድ ከተማ ናት። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከሳውላ የሚመጡት መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ ይርመሰመሳል። ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ቁልቁለት ዝናብ ያረጠበው ቀይ አፈር ሲጨመርበት፣ የተሰበረ እግር ለከተማዋ ሐኪሞች ብርቅ አይደለም።

አጥንቱ የተሰበረበት ሰው የሚሄድበት አያጣም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስሙ ከዞኑ አልፎ ይሰማል። የድሮው ኦቶናም ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ብዙው ሰው የሚያንኳኳው የወጌሻን በር ነው። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ስለሚቀረው ሕመም የሚያነጋግር ሰው ማግኘት ነው አስቸጋሪው።

የሚከተለው ጥያቄና መልስ ስለዚሁ ነው። ጠያቂው የቀኝ እግሩ ቅልጥም ከተሰበረ ስምንት ወር ያለፈው የባጃጅ ሹፌር ነው። መላሹ በድሬሰርነት ጀምረው በፊዚዮቴራፒ ክፍል ያረጁ ጡረተኛ ናቸው። ሁለቱም የዚህ ጽሑፍ ፍጥረቶች ስለሆኑ ስም የላቸውም። የሚነጋገሩበት በሽታ፣ ሕክምናና ቦታ ግን እውነተኛ ነው።

ወጣቱ ገና ከመግባቱ፣ ሳይቀመጥ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ከዘራውን የያዘው በቀኝ እጁ፣ በታመመው እግር በኩል ነበር።

«ወደ ግራ አዙረው» አሉት። «ከዘራ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው። የታመመው እግር ሲራመድ ከዘራውም አብሮት ይውጣ፤ ያን ጊዜ ክብደትህን ይካፈልልሃል።»

ወጣቱ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ማንከሱ አልጠፋም፤ ትከሻው ግን ወደ ቀኝ መውደቁን ተወ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ራጅ ተነሥቻለሁ። ሐኪሙ አጥንትህ ገጥሟል፣ ብረቱም በቦታው ነው አለኝ። ታዲያ የሚያመኝ ምኑ ነው? ሰፈርተኛው ከሥራ መሸሽ ነው እያለ ያማኛል።

መልስ፦ ሐኪሙም አልዋሸም፣ አንተም አልዋሸህም። ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ ሕመም አያሳይም። ቅልጥም ሲሰበር ጡንቻው ይቀጠቀጣል፣ ነርቩ ይነካል፣ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ይወጠራል። አጥንቱ ከአራት እስከ ስድስት ወር ቢገጥም እነዚህ በራሳቸው ጊዜ ነው የሚሄዱት። ሌላም ነገር አለ። ለወራት ሲያስጠነቅቅ የከረመ ነርቭ መቆሚያውን ያጣል፤ ክላክሱ ተጣብቆ መንገዱ ባዶ ሆኖም የሚጮህ ባጃጅ አላጋጠመህም? ድሮ ምንም የማይመስልህ የካልሲ ላስቲክና የማለዳ ብርድ አሁን የሚያምህ ለዚያ ነው። ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም በሕክምና ቋንቋ ሥር የሰደደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች መዝገቡ ለሥር የሰደደ ሕመም የራሱን መለያ ሰጥቶታል። ለሚያሙህ ሰዎች ይህን ንገራቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሲያመኝ እየተጎዳሁ ነው ማለት አይደለም?

ሽማግሌው ለዚህ ቶሎ አልመለሱም። ይልቅ የተሰበረ ዕለት ምን እንዳደረገ ጠየቁት። ወጣቱም ነገራቸው፤ መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ሌሊቱን ሕመሙ እየባሰ ሄዶ ጣቶቹ አበጡ፣ ከዚያም ደነዘዙ። ሰዉ ሁሉ ቻለው ሲለው እናቱ ተነሥተው ማሰሪያውን በቢላ ቆረጡት። ሲነጋ ሆስፒታል ገባ።

መልስ፦ እግርህን ያተረፉልህ እናትህ ናቸው። የቅልጥም ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን የታጠረ ነው። ውስጡ ሲያብጥ ከላይም በማሰሪያ ሲታነቅ ደም መግቢያ ያጣል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል። ማስታገሻ የማይነካው፣ ጣትህን ሲያጥፉልህ የሚብስ፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝና መገርጣት የሚከተለው ሕመም ካየህ፣ እሱ የሚቻል ሕመም አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ይፈታል፣ ሰውየው ይወሰዳል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ወጌሻን ለመስደብ አይደለም ይህን የምነግርህ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ተሰጥቷቸው እንዲህ ያለው መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያንን የመሰለ ሥልጠና በየወረዳው ቢኖር ኖሮ እናትህ ቢላ ባላነሡ።

አሁን ያለብህ ግን ሌላ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ከጠባሳው መግል ከወጣ፣ ባትህ በድንገት ካበጠ፣ ወይም ትናንት የረገጥክበት እግር ዛሬ አልረገጥ ካለ ወደ ሐኪምህ ተመለስ። ከእግር ጉዞ በኋላ መጥቶ በማግስቱ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ሕመም ግን ጉዳት አይደለም። የዛለ ጡንቻና የደነገጠ ነርቭ ነው።

ጥያቄ፦ ብረቱን አስወጣው የሚሉኝስ?

መልስ፦ በአጥንትህ ውስጥ የገባው ረጅም ዘንግ ነው። ሳይን የሚባለው ድርጅት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ዘንግ ለድሃ አገር ሆስፒታሎች ያቀርባል፤ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ውድ የራጅ ማሽን ስለማይፈልግ እንደ ሶዶ ላለ ከተማ ትልቅ ነገር ሆኗል። ዘንጉ በጉልበት በኩል ስለሚገባ ተንበርክከህ ስትጸልይ ጉልበትህ ፊት ለፊት ሊያምህ ይችላል፤ ይህ በብዙዎች ላይ የሚታይ ነው። ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተመካከር። ጎረቤት የሚወስነው ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሲብስብኝ ዳይክሎ መርፌ እወጋለሁ። አንዳንዴም ጓደኞቼ ትራማዶል ይሰጡኛል።

መልስ፦ ዳይክሎ ለጥቂት ቀን ጥሩ ነው። ለወራት ሲሆን ጨጓራህንና ኩላሊትህን ይበላል። ትራማዶሉን ተወው። ልማድ ይሆናል፣ መሪ ላይ ደግሞ ያፈዛል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው ታዲያ?

መልስ፦ እናትህ እግራቸውን በምን ያጥባሉ?

ወጣቱ አቀረቀረ። የእናቱን እግር ለሰው አያወራም። ሁለቱም እግሮቻቸው ካበጡ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ የተነሣ የእኅቱ ጋብቻ መፍረሱንም ያውቃል። ቤተሰቡ ቃሉን አያነሣውም እንጂ ሰፈሩ ዝሆኔ ይለዋል።

ይህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሶዶ ላይ ሞሲ ፉት ሲባል ይበልጥ ይታወቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ትል ወይም ትንኝም አያመጣውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ይገባበታል። ብናኙ የሊምፍ ቧንቧውን ያስቆጣል፣ በጊዜ ብዛትም ይደፍነዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው የአፈሩን ነገር አጥብቆ የተከታተለውና ለበሽታው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጣለት። ሁሉም በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ለምን እንደማይታመም ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት መልሶታል፤ አንዳንድ ሰው በዘሩ ለብናኙ የበለጠ የተጋለጠ ነው። ጥናቱ የተሠራው በደቡብ ኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ ነው።

ወላይታ ይህ ሸክም ከከበደባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዞኑ ከመቶው ሰው ከአምስት የሚበልጠው በሽታው እንዳለበት ገምቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ጥናት ሕመምተኛው በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አስልቷል። የጤና ሚኒስቴር በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ያስገባው ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ዘግይቷል።

ሶዶ አልጠበቀችም። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎ የሞሲ ፉት ሕክምናና መከላከል ማኅበርን በ1998 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ። የማኅበሩ ጥሩ ሐሳብ፣ ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች ራሳቸውን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲያክሙ ማድረጉ ነበር። ጫማውም እዚያው ይሰፋ ነበር፤ ያበጠ እግር የሚገባበት ጫማ ገበያ ላይ አይገኝምና።

ጥያቄ፦ እናቴ እግሯን በሳፋ ነው የምታጥበው። ውኃው ውስጥ ትንሽ በረኪና ጠብ ታደርጋለች፣ ከዚያ በሳሙና ታጥበዋለች። በጣቶቿ መካከል በጨርቅ ታደርቃለች፣ ቅባት ትቀባለች፣ ፋሻ ትጠቀልላለች። ማታ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛለች። ግን ይህ ከእኔ ስብራት ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ድሮ ሲነሣባቸው ታስታውሳለህ? ብርድ ብርድ የሚላቸው፣ ትኩሳት የሚይዛቸው፣ እግራቸው እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው?

ጥያቄ፦ አስታውሳለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ትወድቅ ነበር። አሁንም ይነሣባታል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

መልስ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማንን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ልክ እናትህ የሚያደርጉትን ያደረጉት ሰዎች ጥቃቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰላቸው። ልብ በል፣ ቀነሰላቸው ነው እንጂ ተዋቸው አልተባለም። አንተ የምትፈልገው አንድ መርፌ፣ አንድ ቀዶ ሕክምና፣ አንድ ቀን ነው። እናትህ ይህን መጠበቅ ትተው በየማታው ሳፋ ያቀርባሉ። ገበያም ይወጣሉ፣ ሰውም ይቀበላሉ። ስለ ረጅም ሕመም እኔን ከመጠየቅ እሳቸውን ብትጠይቅ ይሻል ነበር።

ወጣቱ ሳቀ፤ ከገባ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ወደ ሥራ ገባ።

ሽማግሌው ሳምንቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠየቁት። ደኅና ሲሆን መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል፤ በማግስቱ አልጋ ላይ ይወድቃል፣ ሦስት ቀንም አይነሣም። ስህተቱ ይሄ ነው አሉት። በሰዓት ይሄዳል እንጂ በስሜት አይሄድም፤ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ከሰዓት አሥር ደቂቃ። ደኅና የሆነ ዕለት ከአሥር አያልፍም፣ የባሰበት ዕለትም ከነጭራሹ አይቀርም። አሥሩ ሳምንት ሙሉ ከተለመደ ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ መያዝና ቁርጭምጭሚቱን ማዞር ደግሞ በየቀኑ ነው። እዚያው ወንበር ላይ አሠሩት። አምስተኛው ላይ ጭኑ ተንቀጠቀጠ። በስምንት ወር ውስጥ የቀኙ ጭን ከግራው ቀጥኗል፤ ሱሪው ሲሰበሰብ በዓይን ይታያል።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ተጸልዮልኛል። ካልዳንክ እምነት ጎድሎህ ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ጸሎቱን አታቋርጥ። እንዲህ የሚሉህን ግን አትስማ። ዝሆኔን ለስንት ዘመን እርግማን ነው ሲሉት ኖረው አፈር ሆኖ ተገኘ። እናትህን ያሸሹ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ነው ያሸሹት።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መሪ መቼ እይዛለሁ? ቤት የሚጠብቀኝ አለ።

መልስ፦ የባጃጅ ፍሬን በየትኛው እግር ነው የሚረገጠው?

ጥያቄ፦ በቀኙ።

መልስ፦ እንግዲያው ቀኑን እኔ አልቆርጥልህም። ባጃጁን አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ፍሬኑን በድንገት በሙሉ ኃይልህ ርገጠው። እግርህ ከመርገጡ በፊት ትንሽ እንኳ ካመነታ አልደረስክም። ሳይሳሳ የረገጠ ዕለት ወደ ሐኪምህ ሄደህ አስመርምር፤ እሱ ሲፈቅድልህ በግማሽ ቀን ጀምር። እስከዚያው ተሳፋሪ አትጭንም።