ለወገብ ማን ይመሰክራል?

ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ሰው ወገቡን ሲያመው በአንድ ቃል ብቻ አያወራውም። «ቆረጠኝ» ይላል፣ «ሰቅዞ ያዘኝ» ይላል፣ ድንገት ሲሆን ደግሞ «መጋኛ መታኝ» ይላል። ተከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ በሐምሌ ጠዋት ምን እንደሚሠራ የቀመሰው ያውቀዋልና ብርድን መክሰስ ቀላል ነው። አጎቴ ግን ብርድን አይከሱም። ስለ ወገባቸው ሲጠየቁ ዓመተ ምሕረት ይጠራሉ፣ ተራራ ይጠራሉ።

አጎቴን የወሰዳቸው አፈሳ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም ከወጣ በኋላ ነው፤ የገበያ ቀን ነበር። ሰሜን ሄዱ፤ የመሣሪያ ተሸካሚ ሆኑ። ክላሽ ከነጥይቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ብሬን የምንለው መትረየስ ብቻውን 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። የድሽቃ አካል ያለ እግሩ 34 ኪሎ አካባቢ ነው፤ መኪና በማይወጣበት ዳገት ላይ ደግሞ ይህን የሚያወጣው የሰው ጀርባ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከአራት መቶ ሺህ በላይ ወታደር ወደየመጣበት ተመለሰ። ብዙው የገበሬ ልጅ ስለነበር የተመለሰው ወደ ሞፈርና ቀንበር ነው። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ሌላ ትውልድ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ያሉትንማ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ መቁጠሩን ልተወው።

እግሩን ያጣ ወታደር ሲያልፍ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ ሰው ሠራሽ እግር ይለካል፣ ይሠራል። በቂ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ቢያንስ ጉዳቱ ምን እንደሆነ አያከራክርም። የአጎቴ ወገብ ግን ያከራክራል። ጥይት አልነካቸውም። የቆሰሉበት ቀን የለም፣ የተጻፈ ወረቀት የለም። ያለው አንድ ምስክር ነው፤ እሱም ራሱ ከሳሹ።

ኢሌን ስካሪ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ስለ ህመም ባሳተመችው መጽሐፍ ያነሳችው ሐሳብ አለ፦ ለሚያመው ሰው ህመሙ ከሁሉ በላይ እርግጠኛ ነገር ነው፤ ለሚሰማው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጠራጥር ነገር ነው። እኔ የአጎቴ ቤት ውስጥ ያደግሁት በዚህ ክፍተት መካከል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጎረቤት «ጡረታ ፈልጎ ነው» ይላል፤ አጎቴ ይሰማሉ፤ አይመልሱም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ለቆየ የወገብ ህመም የዛሬው ሳይንስ የሚመክረው ባመዛኙ ኪኒን አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣው መመሪያ መጀመሪያ የሚሞከረው ያለ መድኃኒት የሚደረግ ሕክምና ይሁን አለ፦ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ዮጋ፣ አኩፓንክቸር፣ ስለ ህመም ያለንን አስተሳሰብ የሚያክም የንግግር ሕክምና። የዓለም ጤና ድርጅትም በኅዳር 2016 (በእነሱ 2023) በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ። ትምህርትና ምክር፣ የተደራጀ እንቅስቃሴ፣ መታሸት፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ከሚመከሩት ውስጥ ናቸው። የወገብ ቀበቶ፣ ወገብን መጎተት፣ ከኦፒየም ወገን የሆኑ ማስታገሻዎች ግን አይመከሩም። (ኩታውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የሚውለው ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት ትችላላችሁ።) በ2020 እንደ ፈረንጆቹ በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ህመም ነበረበት፤ ስለዚህ ነገሩ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም።

እኔ ከምክሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ትክክለኛ ምክር ተሰጥቶም ሰውን መበደል ይቻላል ወይ?

አጎቴን ይዤ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ የትም የሚሆን ነው። ከመቶ በላይ ሰው በረንዳው ላይ ይጠብቃል። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «አባቴ፣ ራጁ ደህና ነው። መድኃኒት አያስፈልግዎትም፤ ስፖርት ይሥሩ» አላቸው። በትሕትና ነው የተናገረው። ስንወጣ አጎቴ «ውሸታም ነህ ነው ያለኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ስፖርት? ከበሬ ኋላ ስዞር የምውለውን ምን ሊለው ነው?»

ሐኪሙ በመጽሐፉ ከሄድን አልተሳሳተም። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ፣ ምንም የወገብ ህመም የሌለባቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ምስል የተገመገመበት ጥናት አለ። ከ50 ዓመት ሰዎች 80 በመቶው፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 37 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ መሆኑ ታይቷል፤ አንዳቸውንም ግን አያማቸውም። ተገላቢጦሹም አለ፦ ምስሉ ንጹህ ሆኖ የሚሰቃይ። እንግዲህ ራጁ ደህና ነው ማለት ወገቡ አያምም ማለት አይደለም። ራጅ ጥሩ ምስክር ስላልሆነ ነው እንጂ። ዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበር በ2020 የህመምን ትርጉም ሲያሻሽል ሰው ያመኛል ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል የሚል ማስታወሻ አብሮ አስፍሯል። ይህን ለአጎቴ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ግማሽ ሰዓቱ ግን የለም፤ በረንዳው ላይ መቶ ሰው አለ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ኪኒን ማለት ጊዜ የሌለው ሰው የሚሰጠው ነገር ነው። ያለ መድኃኒት የሚሰጥ ሕክምና ግን ቁሳቁሱ ጊዜ ነው፤ የሌላ ሰው ጊዜ። ሳን ዲዬጎ ውስጥ በ150 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ የዮጋ ጥናት በፈረንጆቹ 2017 ታትሟል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት፣ በአስተማሪ። በ12ኛው ሳምንት ከሥራ የሚያግዳቸው ነገር ከሌሎቹ ያን ያህል ተለይቶ አልቀነሰም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በስድስተኛው ወር ነው። ሃያ አራት ቀጠሮ፣ ከዚያ ትዕግሥት። አጎቴ ጋ ስናመጣው ሃያ አራት ቀን ከእርሻ መቅረት፣ ሃያ አራት ጊዜ ሁለት ሰዓት በእግር ወጥቶ መኪና መጠበቅ ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ነገ ክፍት መሆኑን ማን ያውቃል? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያሠለጥናል፤ ሙያው አገር ውስጥ አለ። ከሙያው እስከ አጎቴ ደጃፍ ያለው መንገድ ነው የጎደለው። እና «መድኃኒት አያስፈልግዎትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ በቦታው ሌላ ነገር ካልተተካ፣ በጨዋ ደንብ የተባለ «ይሂዱ» ነው።

አጎቴም ሄዱ። ወዴት? ወደ ዲክሎፌናክ። መርፌው ሲወጉት ሁለት ቀን ያሳርሳል። ጨጓራን እንደሚልጥ፣ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ተነግሯቸዋል፤ ትራማዶል ለምዶ መተው ያቃተው ጓደኛም አላቸው። ስለዚህ አለማወቅ አይደለም። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ አንድ እጅ እርፉን ተጭኖ፣ አንድ እጅ ጅራፍ ይዞ፣ ወገብ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ። ዝናብ ቀጠሮ አያራዝምም። ኩላሊታቸውን በጤፍ እየለወጡ መሆኑን አውቀው የሚለውጡ ሰው ናቸው። «መርፌ አታብዛ» ብሎ መምከር የሚችለው የሚያርስላቸው ሰው ይመስለኛል፤ ሌላው ምክሩን ቢያቆየው ይሻላል።

ወጌሻውም አሉ። ዋገምት ሲያደርጉም አይቻለሁ፤ ለአጎቴ ግን የሚያደርጉት ማሸት ነው። እጃቸውን ታጥበው፣ ቅቤ አሙቀው፣ በአውራ ጣታቸው አከርካሪውን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆመው «እዚህ ጋ ነው አይደል?» ሲሉ አጎቴ ትንፋሻቸው ይቆማል። ራጁ ያላገኘውን ጣት አገኘው። በሕክምና ቋንቋ ምን እንዳገኘ አከራካሪ ነው፤ ለአጎቴ ግን ከሰላሳ ዓመት በኋላ የመጣ ምስክር ነው። ጠበልም እንዲሁ ነው። ግሽ ዓባይ ወርደው ሲጠመቁ ማስረጃ አምጡ ያላቸው የለም። በብርድ አብሯቸው የቆመው ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ የመጣ ነው።

ወጌሻን ግን ማሞገስ ብቻ ደስ አይለኝም። ስብራት በጣም አጥብቀው አስረው እግር እስከ መቆረጥ የደረሰበት ሰው በየሆስፒታላችን አለ። ወገብን በኃይል መጎተትም የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ አይመክረውም። እና ይህን ልብ በሉ፦ እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳትና ክሳት አብሮ ከመጣ ቅቤም ጠበልም አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ሌላ ነገር ያነሳሉ። «የደርግ ወታደር ነበሩ፤ ያ ጦርነት የማን ነበር? ዕዳው ለምን የኛ ይሆናል?» ጥያቄውን አልንቀውም። ግን ከገበያ ታፍሰው ለሄዱ ሰው የጦርነቱን ፍትሐዊነት መጠየቅ፣ ድሽቃውን ለምን ተሸከምክ ብሎ በሬን እንደመጠየቅ ነው። መንግሥት ደጋግሞ ተለወጠ፤ ወገባቸው ያው የድሮው ነው። በፈቃዱ ለዘመተውስ? እሱም ቢሆን ህመሙን ለማመን ዓላማውን መውደድ የለብንም። «አስመሳይ ቢሆንስ?» ይላሉ ደግሞ። ይሁን፤ አስመሳይን ብናምን የምናጣው ጥቂት ሰዓትና ጥቂት ብር ነው። የሚሰቃየውን ካላመንን እሱ የሚያጣው ህመሙን የሚያካፍለው ሰው ነው። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይመዝኑም።

ያለ መድኃኒት የሚደረገው ሕክምና ጎጃም ውስጥ ምን ይመስላል ብባል መልሴ ዮጋ አይደለም። አጎቴን የጎደላቸው መንቀሳቀስ ሳይሆን መቼ እንደሚያቆሙ የመምረጥ መብት ነው። ሲብስባቸው መሬቱን ለእኩል ይሰጣሉ፤ ያ ማለት የዓመቱ ምርት ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ወንፈል ልግባ እንዳይሉ ወንፈል ብድር ነው፤ የሰጠኸኝን ቀን እመልሳለሁ ማለት ነው፣ የሚመልስ ወገብ ሊኖር ይገባል። ደቦ ይሻላል፤ ደቦ ግን ድግስ ይፈልጋል። ባለፈው ክረምት የእድራቸው ሰዎች ተነጋግረው ሁለት ጥማድ ለሁለት ቀን ላኩ፣ ያለ ጠላ፣ ያለ ብድር። አጎቴ እነዚያን ሁለት ቀናት ቀስ ብለው በማሳው ዙሪያ ሲራመዱ ዋሉ። ሐኪሙ ያለው ስፖርት ያ ነበር መሰለኝ።

ማታ ማታ የሚያሿቸው ሚስታቸው ናቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው። ቅባ ኑግ ያሞቃሉ፣ ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ይጫናሉ፣ አጎቴ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው። ይህ ሲሆን ከሰላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ቀን ውኃ በጀርባቸው ከወንዝ ሲያወጡ፣ እንጨት ሲሸከሙ፣ ጤፍ አጎንብሰው ሲያርሙ ነው የሚውሉት። አንድ ምሽት ከተንበረከኩበት ሲነሱ ግድግዳውን ይዘው ቆዩ። «እትዬ፣ እርስዎንም ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ የኔማ ድካም ነው» አሉና ቅባቱን ሊያስቀምጡ ገቡ።