ትልቁ ካርድ ይተኛ

ልጄ፣ «ባትሪው ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም፣ ሌላ ልገዛ ነው» አልሽኝ። ቆዪ፣ ገንዘብሽን አታውጪ። በላክሽልኝ የባትሪ ሪፖርት ላይ ባትሪሽ አዲስ ሳለ 50 ዋት-ሰዓት ይይዝ ነበር፤ ዛሬ 44 ይይዛል። ለአገለገለ ላፕቶፕ ይሄ ጤነኛ ነው። ባትሪው አልደከመም፣ በላተኛ በዝቶበት ነው።

ላፕቶፕሽ ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው። አንደኛው ከኢንቴሉ ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ሌላው ለብቻው የተገጠመው ኢንቪዲያ ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይል፣ ፊልም ለማየት ትንሹ፣ የኢንቴሉ፣ ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ የሚያስፈልግሽ የነደፍሽውን ሕንፃ ሬንደር ስታደርጊ ነው። አሁን ሂሳቡን ተመልከቺ። ማሽኑ በ10 ዋት ቢሠራ ባትሪሽ ከአራት ሰዓት በላይ ያቆይሻል። ሥራ ፈቶ የነቃው ኢንቪዲያ 8 ዋት ቢጨምርበት ሁለት ሰዓት ተኩል አትደርሺም።

ድሮ ካርድ መቀየር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሶኒ ቫዮ ኤስዜድ በጣት የሚገፋ ቁልፍ ነበረው፤ ወደ አንዱ ጎን ቆጣቢው፣ ወደ ሌላው ጉልበተኛው። ሪስታርት ካልተደረገ ግን አይቀይርም። በ2008 መጨረሻ የወጣው ማክቡክ ፕሮም ሎግ አውት ያስደርግ ነበር። ሥራውን ዘግቶ ለመውጣት ማን ይታገሣል? በ2010 ኢንቪዲያ ኦፕቲመስን ሲያመጣ ነው ነገሩ የተቃለለው። ስክሪኑን የኢንቴሉ ካርድ ይመራል፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ኢንቪዲያው ተቀስቅሶ ምስሉን ይሠራና ለኢንቴሉ ያቀብላል፣ ሲጨርስ ይተኛል። ያንቺም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ወይም ሊሠራ ይገባው ነበር።

ጓደኞችሽ «ዲቫይስ ማኔጀር ግቢና ኢንቪዲያውን ዲሴብል አድርጊው» ይሉሻል። እሺ እንዳትያቸው። ካርዱን አስተኝቶ ኤሌክትሪኩን የሚያስቋርጠው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩን ስታሰናብቺው በአንዳንድ ማሽን ላይ ካርዱ የሚያዘው አጥቶ ኃይል እየወሰደ ይቀመጣል። ከዝርዝሩ ላይ ጠፍቷል፣ ፋኑ ግን ይጮኻል፣ ላፕቶፑም ይሞቃል። ድራይቨሩን አድሺው እንጂ አታሰናብቺው።

ይልቅ ካርዱን የሚቀሰቅሰውን ፈልጊ። ታስክ ማኔጀር ከፍተሽ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ካርድ ላይ እንዳለ እዪ። ብሮውዘሩ ኢንቪዲያው ላይ ተቀምጦ ካገኘሽው አትደነቂ፣ እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብለሽ ስትገቢ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ካርድ መምረጥ ትችያለሽ፤ ብሮውዘሩን ቆጣቢው ላይ፣ የሬንደሩን ሶፍትዌር ጉልበተኛው ላይ አድርጊ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሌላ ስክሪን የምትሰኪበት የኤችዲኤምአይ ኬብል ነው። በብዙ ላፕቶፕ ቀዳዳው በቀጥታ ከኢንቪዲያው ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ሌላ ስክሪን እስከተሰካ ድረስ ካርዱ አይተኛም። ባትሪ ላይ ስትሆኚ ንቀዪው።

ወንድምሽ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ስለሚጠቀም ለሱ መንገዱ ሌላ ነው። ሊኑክስና ኦፕቲመስ ለዓመታት አልተስማሙም፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቆ ኢንቪዲያን በካሜራ ፊት ተሳድቧል፣ ስድቡን እኔ አልደግመውም። ዛሬ ተሻሽሏል። የኢንቪዲያው ሴቲንግ ኢንቴል፣ ኢንቪዲያ ወይም እንደአስፈላጊነቱ የሚል ምርጫ ይሰጠዋል። ካርዱ ከ2018 ወዲህ የወጣው የአርቲኤክስ ትውልድ ከሆነ ሦስተኛውን ይምረጥ። ከዚያ የቀደመ ከሆነ ግን በዚህ ምርጫ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ፣ ጉዞ ላይ ኢንቴል ብቻ አድርጎ ሪስታርት ያድርገው። አንድ ነገር ደግሞ ንገሪው፦ የኢንቪዲያን ሁኔታ የሚያሳየውን ትእዛዝ በየደቂቃው እየጻፈ «ተኝቷል ወይ?» እንዳይል፤ ትእዛዙ ራሱ ካርዱን ይቀሰቅሰዋል።

ሬንደር በባትሪ አትጀምሪ። ቻርጀር ሲነቀል ላፕቶፑ የኢንቪዲያውን ጉልበት ስለሚቀንስ ሥራው ይንቀረፈፋል፣ ባትሪውም መሀል ላይ ያልቅብሻል። መብራት ባለበት ሰዓት አስጨርሺው፤ ሲጠፋ በኢንቴሉ ጽሑፍሽን ቀጥዪ።